ለውሃ የተዘፈነ አምባሰል

ለተከበሩ የሐይቅ ዳር የባህል ሙዚቃ ድግስ አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ የኮሚቴዎን አባላት ጤና፣ እንዲሁም አምና መድረኩ ፊት ለፊት ተተክሎ የነበረውን የክብር ድንኳን ደህንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ከሐይቁ ማዶ የምኖረው ገበሬ አብዱልሰመድ እብሬ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ቁልቁለት ላይ ያስቸግረኛል፤ ጆሮዬ ግን፣ ይህ እርስዎን እንደማያስደስት ባውቅም፣ ከጎረምሳ ጆሮ አይተናነስም።

ወደ ምስጋናዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ጥፋቴን መናገር አለብኝ። ባለቤቴ ሂዳያ፣ አላህ ይዘንላትና፣ «የሰው ደጅ ልጠርግ ብለህ መጥረጊያ ስታነሳ መጀመሪያ ያንተን ደጅ እየው» ትለኝ ነበር። እንግዲህ ደጄ ይኸው። አምና ድግሱ እንዳይደረግ ከሐይቁ ማዶ ያለን ነዋሪዎች ያስገባነው አቤቱታ ሳይረሳዎት አይቀርም፤ «ጩኸቱ ከብቶቻችንን ያስበረግጋል፣ ሶላታችንንና ጸሎታችንን ያውካል» የሚለው። ከፈራሚዎቹ የመጀመሪያው እኔ ነኝ። «ያውካል» የምትለዋን ቃል ያገኘኋትም እኔ ነኝ፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆመ ሰው እንዲህ ያለች ቃል እጁ ስትገባ ሳይጠቀምባት ማደር አይሆንለትም። ያ ፈራሚ ታዲያ ድግሱ በተደረገ ዕለት መግሪብ ሰግዶ፣ ለልጆቹ «ማሽላ ልጠብቅ» ብሎ ከቤት ወጥቶ፣ ውሃው ዳር በተገለበጠ የዓሣ ጀልባ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጦ፣ ዘፈኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማ። ከብቶቹ አልበረገጉም። የታወከ ቢኖር እኔ ነኝ፣ እሱም በደስታ። ይህንንም እስከ ዛሬ ለአንድ ሰው አልተነፈስኩም።

ወደ መቃብሬ ይዤው ልሄድ አስቤ ነበር። ነገር ግን ሰሞኑን ለጉዳይ ሐይቅ ከተማ ወጥቼ ኮሚቴዎ ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ የለጠፈውን ማስታወቂያ አነበብኩ። በጥሩ ወረቀት፣ በጥሩ ፊደል፣ እንዲህ ይላል፦ «ባለፈው ዓመት በአንዲት አንጋፋ ድምፃዊት የድምፅ መድከም ምክንያት ያጋጠመው ችግር እንዳይደገም፣ ዘንድሮ መድረኩ ለወጣት ድምፃውያን ብቻ ክፍት ሆኗል።» ስማቸውን ባለመጥቀስ ላሳዩት ጨዋነት ምስጋናዬ የላቀ ነው። በዚያ መድረክ ላይ የወጡ አንጋፋ ሴት እመት ስህን ብቻ ስለነበሩ፣ ስማቸውን መጥቀስ እውነትም ቀለም ማባከን ነበር።

ምናልባት ከሥራ ብዛት የተነሳ የማያውቋቸው ከሆነ ላስተዋውቅዎት። እመት ስህን ከውጫሌ በላይ፣ አምባሰል ተራራ ሥር የሚኖሩ እናት ናቸው። በእኛ አገር እሳቸው ያልዘፈኑበት ሰርግ ኒካሑ ያልታሰረ ያህል ይቆጠር ነበር። እንግዲህ ከዚያ ከእርስዎ ድግስ ወዲህ ውጫሌ ገበያ ሲወጡ፣ ጎረምሶቹ አፋቸውን እንደ ዓሣ ከፈት ዘጋ እያደረጉ «እማማ፣ ድምፁን ይክፈቱት እንጂ» ይሏቸዋል። የወንድማቸው ልጅ ሲዳር እንኳ ሙሽሮቹን በዘፈን መቀበሉን ትተው «እኔ ወጥ ላውጣ» ብለው ጓዳ ዋሉ አሉ። ሰው ያሾፈባቸውስ ያልፋል። ከሁሉ የከበደኝ እሳቸውም ማመናቸው ነው። ለዘመዶቻቸው «ድምፄ መሄዱን ሁላችሁም ስታውቁ፣ እዚያ ሕዝብ ፊት ሳልቆም ለምን አልነገራችሁኝም?» ብለው እንደወቀሷቸው ሰምቻለሁ።

ክቡር ሆይ፣ የእመት ስህን ድምፅ አልሄደም። ወደየት እንደሄደ ከጠየቁኝ ግን ልነግርዎ እችላለሁ፤ ወደ እኔ ነው የመጣው። እንዴት እንደመጣም በቁጥር አድርጌ ላመስግንዎ።

አንደኛ፣ ድምፅ ማጉያዎቹን ስላዞሩልን እናመሰግናለን። የእህቴ ልጅ ሙስዓብ ኩዌት የሰርግ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ሲተክልና ሲነቅል ኖሮ የተመለሰ ልጅ ነው፤ አምናም የድግስዎን ድምፅ የያዘው እሱ ነበር። በኋላ እንዳጫወተኝ ማጉያዎቹ መጀመሪያ ፊታቸው ወደ ሜዳው፣ ወደ ሕዝቡ ነበር። የክብር እንግዶቹ ድንኳን ግን ልክ አፋቸው ሥር ተተከለና፣ እንግዶቹ እርስ በርሳቸው መጨዋወትም፣ ስልክ ማነጋገርም አልሆንላቸው አለ። ድንኳኑን ትንሽ ወደ ጎን ማንሳት ይቻል ነበር፤ እርስዎ ግን የተተከለ ክብር አይነቀልም በሚል ጥልቅ አስተሳሰብ፣ ማጉያዎቹ ፊታቸውን ወደ ውሃው እንዲያዞሩ አዘዙ። «ድምፅ አይደለም እንዴ፣ በሁሉም በኩል ይሰማል» ማለትዎንም ነግሮኛል።

እኔም እንደ እርስዎ አስብ ነበር። ሙስዓብ እንደሚለው ግን የከበሮውና የባሱ ወፍራም ድምፅ እንደ ጎርፍ ፊትም ኋላም ሳይል በየአቅጣጫው ይሄዳል፤ ቃል የሚሸከመው ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ እንደ እጅ ባትሪ ነው፣ ፊቱን ያዞሩለትን ብቻ ያበራል። ስለዚህ ከደሴ ድረስ መኪና ተሳፍሮ የመጣው ሕዝብ ከማጉያዎቹ ጀርባ ቆሞ ዱም ዱሙን ሲቀበል፣ ቃሉን ሁሉ የተቀበለው የሐይቁ ዓሣና እኔ ነን። በዓሣዎቹም ስም አመሰግናለሁ።

ሙስዓብን «ይህን እያወቅክ ለምን እሺ አልክ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አጎቴ፣ ሰብሳቢው አዘዙ፣ እኔ ምን ልበል?» አለኝ። ልቆጣው ፈልጌ ነበር። የፈረምኩት አቤቱታ ትዝ ሲለኝ ግን ስለ ዝናቡ ጠየቅኩት።

ሁለተኛ፣ ዘፋኝ እግር ሥር የምትቀመጥ ትንሽ ማጉያ አለች፤ ዘፋኙ የራሱን ድምፅ የሚሰማው በእሷ ነው። እመት ስህን መድረክ ላይ ሊወጡ ሲሉ ያቺ ትንሽ ማጉያ ተነስታ ወደ ክብር ድንኳኑ ተወሰደች። ትልልቆቹ ወደ ውሃ ከዞሩ በኋላ ለካ እንግዶቹ «አሁን ደግሞ ጨርሶ አይሰማንም» ብለው ኖሯል። እነሆ አንዲት እናት የራሳቸውን ድምፅ ሳይሰሙ፣ በጨለማ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚራመድ ሰው እየዳሰሱ ዘፈኑ። ከቅኝታቸው አንዲት ዝንፍ አላሉም። እኔና እርስዎ የገዛ ንግግራችንን ሳንሰማ እንድንናገር ብንደረግ የት እንደምንደርስ አላህ ይወቅ፤ ምንም እንኳ እርስዎ ልምዱ ቢኖርዎትም።

ሦስተኛ፣ የእኛ ሰፈር ገደል ስለ ፕሮቶኮል የተማረው ነገር ስለሌለ፣ ከመድረኩ የደረሰውን ድምፅ ሁሉ ይዞ አልቀረም፤ መልሶ ወደ እናንተ ላከው። ስለዚህ ሜዳው ላይ የቆመው ሰው እመት ስህን የሚሉትን ስንኝ ሳይሆን ብለው የጨረሱትን ስንኝ፣ ያውም ዘግይቶና ተሸራርፎ፣ ልክ ለአቤቱታችን እንደመጣልን መልስ ሆኖ ነበር የሚሰማው። ሙስዓብ ቀደም ብሎ፣ ሜዳው ሰፊ ስለሆነ መሀሉ ላይ ሌላ ማጉያ በእንጨት ማማ ይሰቀል፣ ከመድረኩ ከሚመጣው ድምፅ ጋር እኩል እንዲደርስም የማማው ድምፅ በጥቂቱ ይዘግይ፣ አለበለዚያ ከኋላ ያለ ሰው አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማል ብሎ አመልክቶ ነበር። እርስዎም «መዘግየት የሚባል ነገር አልፈቅድም፣ ሁሉም በሰዓቱ ይጀምር» ብለው መለሱለት። በመንግሥት ቤት ይህን ያህል ሰዓት አክባሪ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ከልብ ተደንቄያለሁ።

አራተኛውን ከመጻፌ በፊት፣ «ይህ ሁሉ ያንተ ወሬ ነው፣ ምስክርህ ማነው?» እንዳይሉኝ ሁለተኛውን ሰው ላቅርብ።

ያን ዕለት ጀልባው ላይ ተቀምጬ ሳለ ከጀልባው በዚያኛው በኩል ሳል ሰማሁ። ዞር ብዬ ባይ ጎረቤቴ ወልዴ ነው፣ እሱም ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል። ወልዴ ክርስቲያን ነው፤ ወቅቱ የገና ጾም ስለነበር «በጾም ዘፈን አይሆንም» ብሎ ከእኔ ቀጥሎ የፈረመ ሰው ነው። «አያ አብዱ፣ ምን ትሠራለህ እዚህ?» አለኝ። «ዝንጀሮ እየጠበቅኩ ነው» አልኩት። «ዝንጀሮ በዚህ ሰዓት ገደሉ ውስጥ አልገባም?» «የገባ እንደሆነ ነው የምጠብቀው። አንተስ?» «እኔማ ጃርት ነው» አለኝ። ማሽላው ያለው ከኋላችን ነው፤ ሁለታችንም የተቀመጥነው ፊታችንን ወደ ውሃው አዙረን ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ዝንጀሮም ስለ ጃርትም የተነሳ ነገር የለም።

እመት ስህን አምባሰላቸውን ሲጀምሩ ውሃው ጸጥ ብሎ ነበር። ሙስዓብ እንደሚለው በታኅሣሥ ምሽት ውሃው ላይ ያለው አየር ከበላዩ ካለው ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ድምፅ ወደ ሰማይ አያመልጥም፣ ጎንበስ ብሎ ውሃውን እየታከከ ይሄዳል። እኔ ይህን ስለማላውቅ አላህ መንገድ የከፈተላቸው ነበር የመሰለኝ። ሙስዓብ የነገረኝና እኔ የመሰለኝ ተጣልተው አላየሁም። ብቻ ድምፃቸው አጠገቤ እንደተቀመጠ ሰው ሆኖ መጣ። ትንፋሻቸውን ሲስቡ ሳይቀር ይሰማኛል። እንዲህ አሉ፦

ከማዶ ያለህ ሰው፣ ድምፄ ከደረሰህ፣
ብቅ በል ከደጃፍህ፣ ነጭ ጋቢህን ለብሰህ።

እኔም ጋቢዬን አየሁት። ሂዳያ የፈተለችው ጋቢ ነው፤ ነጭ ነው። ወልዴም የእሱን ሲያይ አየሁት። ሁለታችንም ትንሽ ወደ ጀልባው ጥላ ሸሸት አልን፤ ያየን ሰው ባይኖርም።

አራተኛ፣ ወደ ውሃው ነገር ልምጣ። እመት ስህን በሁለት ስንኝ መካከል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ውሃ የላችሁም፣ ልጆቼ?» አሉ። ማይኩ አፋቸው ላይ ስለነበር ቃሉ ሐይቁን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ጥርት ብሎ ደረሰ። እዚያ አጠገባቸው የነበረ ግን አንድም ሰው አልሰማም። ያን ሁሉ የተኛ ውሃ እያዩ አንዲት እናት ጉሮሯቸውን ማርጠቢያ አጡ። እኔ ሳላስበው ከጀልባው ተነስቼ ቆምኩ። ወልዴ «ወዴት ነው?» አለኝ። «ውሃ ሲሉ አልሰማህም?» አልኩት። «ምነው፣ ዝንጀሮው ነው የጠማው?» አለኝና እጄን ስቦ አስቀመጠኝ። ወዲያውም አስተዋዋቂዎ ዘፈኑ መሀል ማይክ ይዞ በማጉያዎቹ ፊት ለፊት እየተንጎራደደ «ለእናታችን ሞቅ ያለ ጭብጨባ» ሲል፣ ማይክ ማጉያ ፊት ሲደርስ የሚወጣው ያ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ተነሳ፤ ሜዳው ሁሉ መልሶ አፏጨ፤ እመት ስህንም ፉጨቱን በእሳቸው ላይ እንደተሰነዘረ ስድብ ወሰዱት። ለዚያ ጭብጨባ ምስጋናዬን ለማቅረብ ብፈልግም ቃል አጣሁ፤ «ያውካል» የምትለዋን እንደሆነ አምና ተጠቅሜባታለሁ።

አምስተኛም ነበረኝ፤ ስለ ጄኔሬተሩ ነው። ከአራተኛው በኋላ ግን ማንሳቱ አስጠላኝና ተውኩት።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የእርስዎን ይህን ያህል ከቆጠርኩ የእኔን አንድ ልጨምር። እርስዎ ሳይሰሙ ፈረዱ፤ እኔ ሰምቼ ዝም አልኩ። የማን እንደሚከፋ ሌት ተቀን ሳብሰለስለው ነበር፣ መልሱም ለእኔ የሚያደላ አልሆነም። ዘፈን መስማት ስላለው ወንጀል ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ስላሉ ለእነሱ እተወዋለሁ፤ በእኔና በጌታዬ መካከል ያለውንም ጌታዬ ያውቀዋል። ሰምቶ አልሰማሁም ማለት ግን ሼህ ጠይቁልኝ የሚያሰኝ ነገር አይደለም። ሂዳያ ትል ነበር፦ «አላህ ለዓይን ክዳን ሰጠው፣ ለጆሮ አልሰጠውም፤ ስለዚህ አላየሁም ብትል ይታመናል፣ አልሰማሁም ስትል ግን እፈር።» እሷ በሕይወት ብትኖር ይህ ነገር አንድ ቀን አያድርም ነበር። የሰፈራችን ዕድር፣ ቅሬያችን፣ ሲሰበሰብ ሰው ሁሉ «የስህን ነገር አበቃ» ሲል፣ እኔና ወልዴ ተያይተን መሬት መሬት አይተናል። ዘፈን ስሰማ አመሸሁ ብሎ መናገር ለአቤቱታ ፈራሚ አሳፋሪ ነውና፣ የእኔን እፍረት ለማዳን የእሳቸው ድምፅ እንዲሞት ፈቀድኩ። ይህንን ለእርስዎ የጻፍኩት እንዲያዝኑልኝ አይደለም። እኔ የራሴን ስም እዚህ አደባባይ ላይ ካሰጣሁ፣ እርስዎም ማስታወቂያዎን ለማንሳት ብዙም እንዳይከብድዎ ብዬ ነው።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምለምነው ይህ ነው። ያ ማስታወቂያ ይነሳ። በምትኩ ሌላ ይለጠፍ፣ በዚያው በጥሩ ወረቀት፣ እንዲህ የሚል፦ የእመት ስህን ድምፅ ደህና ነው፣ የዞረው የኮሚቴው ማጉያ ነው። ዘንድሮ ድንኳኑ ከሕዝቡ ኋላ ይተከል፤ እንግዶቹም ለመጨዋወት ይመቻቸዋል፣ ማጉያዎቹም ፊታቸውን ለሰው ይመልሳሉ። እኛ የማዶ ሰዎች የአምናውን አቤቱታ ዘንድሮ አንደግምም። ማጉያዎቹ ወደ ሜዳው ከዞሩ ብዙ ስለማይሰማን፣ ኢንሻአላህ ተሻግረን እንመጣለን፤ ወልዴ ከጾሙ ጋር የሚስማማ ቀን እንዲመረጥ አጥብቆ ያሳስባል።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ላልሰጡኝም መልስ፣ በቅድሚያ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፤ አላህ ዕድሜዎን እንደ ሐይቁ ያርዝመው፣ ወንበርዎን እንደ አምባሰል ተራራ ያጽናው፣ ጆሮዎንም ድምፅ ከሚመጣበት ወገን ያድርገው፤ ከምክትልዎ፣ ከጸሐፊዎና ከድንኳኑ ካስማዎች ጋር በሰላም ይኑሩ።

የእርስዎ ትሑት አድማጭ፣
አብዱልሰመድ እብሬ፣
የቀድሞ አቤቱታ ፈራሚ፣
ከሐይቁ ማዶ

ይድረስ ብዬ ካሸግኩት በኋላ የጨመርኩት፦ ደብዳቤውን ላስገባ ስወጣ መንገድ ላይ አንድ ነገር አሳፈረኝ። ለእርስዎ ይህን ሁሉ ስጽፍ ለድምፁ ባለቤት ለእመት ስህን አንድ ቃል አልተናገርኩም። ደብዳቤውን በኪሴ ይዤ፣ ወልዴን ከማሳው ጠርቼ፣ የውጫሌን መኪና ተሳፈርን። እመት ስህን ደጃፋቸው ላይ ሽንብራ እየለቀሙ አገኘናቸው። የመጣንበትን ስነግራቸው ቀና ሳይሉ «ልታጽናኑኝ ነው? ማን ሞተብኝ?» አሉ። ስንኙን አልኩላቸው። «እሱንማ በየሰርጉ ብዬዋለሁ፣ የማያውቀው ማነው?» አሉኝ። ያን ጊዜ «ከስንኙ ቀጥለው ‹ውሃ የላችሁም፣ ልጆቼ?› ብለው ነበር፤ የሰጠዎትም የለም» አልኳቸው። እጃቸው ሽንብራው ላይ ቀረ። «እዚያ ድረስ ተሰማ?» አሉ። ወልዴ «እሱማ ሊያመጣልዎ ተነስቶ ነበር፣ ሐይቁ ነው የያዘው» አላቸው። ሳቁ። ከዚያ ተነስተው «አንተ ሰውዬ፣ እዚያ ገደል ማዶ ሂድና ቁም፣ የሰማህ እንደሆነ እናያለን» አሉኝ። ይህን ጉልበቴን እየጎተትኩ ወረድኩ፣ ወጣሁ፣ ቆምኩ። ማይክ አልነበረም፣ ማጉያ አልነበረም፣ ድንኳንም አልነበረም፤ እመት ስህን አውድማው ላይ ቆመው ያንኑ አምባሰል ዘፈኑ። ከጎረቤት ሰው ደጅ ደጁ ላይ ወጣ። እኔም የሂዳያን ነጭ ጋቢ ከትከሻዬ አውርጄ፣ ሁሉም እያየኝ፣ ከፍ አድርጌ አወዛወዝኩላቸው።